ፎጣው ሳይሞቅ

ሟቹ በፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ተንጋሏል። ፊቱ በሳሙና አረፋ ተለብጧል፤ ጉሮሮው ምላጭ ሄዶበታል። መርማሪዋ ስትደርስ ቤቱ ውስጥ ፈራጅ እንጂ ጠያቂ አልነበረም።

«እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» አለች የሟች ሚስት፣ ጣቷን ሽማግሌው ፀጉር አስተካካይ ላይ ቀስራ። «ባሌን አረደው።»

የሟች ታናሽ ወንድም፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የተኛ ሰውዬ፣ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «እዚሁ በሩ ላይ ነበርኩ። ሲላጨው ምላጩ አመለጠው። ሆን ብሎ ግን አይመስለኝም።» ደግ መስሎ መመስከር ያውቅበታል።

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፏል። «ምላጩን ስዬ አስቀመጥኩና ፎጣ ላሞቅ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።» ማንም አላመነውም። ዕድሜውን ሙሉ ያቆየው ስም በታናሽየው አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

መርማሪዋ ጓዳ ገብታ ወጣች። ከዚያ የሟቹን ጉንጭ አረፋ በጣቷ ገለል አድርጋ ዳበሰችው።

«ሁላችሁም ቅረቡ» አለች። «ጋሼ፣ ደንበኛ ሲቀመጥ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«በሙቅ ፎጣ ፊቱን እሸፍናለሁ። ጢሙ ሲለሰልስ ትንሽ ዘይት፣ ከዚያ አረፋ። በደረቅ ጢም ላይ ከሆነ ምላጩ ቆዳ ይልጣል።»

ወደ ታናሽየው ዞረች። «አንተስ ተላጭተህ ታውቃለህ?»

«ከበቀለ ጀምሮ ምላጭ አልነካውም።»

«ያስታውቃል። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው መላጨት ማለት አረፋና ምላጭ ነው። ፎጣው ጓዳ ውስጥ ገና ሳፋው ውስጥ ተነክሯል። ይሄ ጢም ደግሞ ከአረፋው ስር እንደ መጥረጊያ ደርቋል፤ አንድም ቦታ አልተላጨም። ታዲያ ሲላጨው እንዴት አየህ?»

ታናሽየው ወደ በሩ አየ።

«ደሙም ከአረፋው ስር ነው። መጀመሪያ ታረደ፣ አረፋው ኋላ ተቀባ፤ የሽማግሌው እጅ እንዲወቀስ። ጋሼ ወደ ጓዳ ሲገቡ፣ በራስህ አፍ በሩ ላይ ነበርኩ ያልከው አንተ ብቻ ነህ።»

ሰውዬው አግዳሚው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። «ከሰው አገር ስመለስ እናቴን ቤት አጣኋት። የት ናት ብዬ ወንድሜን እስከዚህ ተከተልኩት። ወንበሩ ላይ ተንጋሎ፣ ‹ከቀበርናት ቆየን፤ እንዳትጨነቅ ብለን ነው ያልነገርንህ› አለኝ። ዓይኑን እንኳ አልገለጠም።»

«ብለን» ካሉት አንዷ የነበረችው ሚስት አንገቷን ደፋች።

ታናሽየውን ፖሊሶች ወሰዱት፤ የተጠራው ሐኪምም ሬሳውን አይቶ ጨረሰ። ሽማግሌው ጓዳ ገብቶ ፎጣውን እንደገና አሙቆ ወጣ።

«ልጄ፣ እንዲህ ሆኖ አይሂድ። ፊቱን ልጥረግለት?»

የሟች ሚስት አሁን ድምጿ ለስልሷል። «እርስዎ እንዳልገደሉት ሰምቻለሁ። ግን አይንኩት። እጅዎ ይንቀጠቀጣል።»

ሽማግሌው ፎጣው እጁ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆመ።