አደራ፣ ገጽ አራት

ሽማግሌው ቃል ለቃሚ በጋዜጣ ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርግተው ሞተው ተገኙ፤ መሰላሉም አጠገባቸው ወድቋል። ያገኘቻቸው የክፍሉ ጠባቂ፣ ከምሳ ስትመለስ ነው።  የመሰላሉ አንድ እግር ከተሰነጠቀ ወር አልፎታል፤ አለቃው እንዳይቆጣት ፈርታ በሲባጎ አስራ ዝም ብላለች። «ገደልኳቸው» አለች በልቧ፤ ለማንም ግን አልተነፈሰችም።

ሽማግሌው ለሚዘጋጀው መዝገበ ቃላት «አደራ» የምትለዋን ቃል በስድሳ ዓመት ጋዜጦችና መጽሔቶች ውስጥ እግር በእግር ሲከተሏት ከርመዋል። በሐዘን ማስታወቂያም ሆነ በአንባቢ ደብዳቤ፣ ባገኟት ቁጥር ዓረፍተ ነገሩን፣ ቀኑንና ገጹን ካርድ ላይ ያሰፍራሉ። ግማሹን ካርድ የሞላላቸው ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተማሩት ረዳታቸው ነው። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶታል።

የመጣችው መርማሪ አጭር ናት፤ ከምትናገረው የምታየው ይበልጣል። ጠባቂዋ ጠዋት ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጥራዝ አውርዳ ጠረጴዛቸው ላይ እንዳኖረችላቸው ነገረቻት። ያለ መነጽራቸው በሩን እንኳ በዳበሳ እንደሚያገኙትም አልደበቀችም። ረዳቱ ቢሮው ተቀምጦ ካርድ ሲደረድር መዋሉን ተናገረና «እንደ አባቴ ነበሩ» ብሎ ዓይኑን ጠረገ። አለቃውን የኅትመቱ መዘግየት ብቻ ነበር ያስጨነቀው።

«ያ ጥራዝ አሁን የት አለ?» አለች መርማሪዋ።

ጠባቂዋ ቀና ብላ አየች። ጥራዙ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ቦታው ነው። «እኔን ሊያሳርፉ ብለው ራሳቸው ሊመልሱት መሰላሉ ላይ ወጥተው ነው» ስትል አሰበች።

መርማሪዋ ሌላ መሰላል አስመጥታ ጥራዙን አወረደች። የካርዱን ሣጥን ከፍታም ካርድና ጋዜጣ ስታመሳክር ሁለት ሰዓት ቆየች። በአሥራ አንድ ሰዓት ሦስቱን ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

ጠባቂዋ አላስቻላትም። «ልጄ፣ አትድከሚ። የገደልኳቸው እኔ ነኝ። መሰላሉ መሰንጠቁን እያወቅኩ ደበቅኩ።»

«ይቀመጡ፣ እትዬ። እሳቸው መሰላሉ ላይ አልወጡም።»

መርማሪዋ ጥራዙን ገለጠችው። ገጽ አራት ላይ የሽማግሌው መነጽር ተኝቷል፤ አንዱ መስተዋቱ ተሰንጥቋል።

«ይህን መነጽር ሳያደርጉ የመደርደሪያ ቁጥር ሊያነቡ አይችሉም። ክፍሉ ሁሉ አቧራ ነው፤ የዚህ ጠረጴዛ ብረት ጥግ ግን በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሏል። የወደቁት እዚህ ነው፤ ሰው ገፍቷቸው። የገፋቸው ሰው ምን ሲያነቡ እንደነበር እንዳይታወቅ፣ መነጽሩ ገጹ ላይ መኖሩን ሳያይ ጥራዙን ከድኖ ወደ መደርደሪያው መለሰ፤ ሲወርድ መሰላሉን አጠገባቸው ጣለው።»

«ታዲያ ማነው?» አለ አለቃው።

«እትዬ አይደሉም። የመለሱበትን ቀን ሳይጽፉ ጥራዝ በሕልማቸውም አይመልሱም፤ ይህኛው የወጣበት ቀን እንጂ የተመለሰበት የለውም። እርስዎም አይደሉም፤ ያ መሰላል እርስዎን ተሸክሞ ቢሆን ኖሮ ሲባጎው አሁን ድረስ አይቆይም ነበር።»

አለቃው ሆዱን ሰብሰብ አደረገ። መርማሪዋ አንድ ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይህ ካርድ ‹አደራ› እዚህ ገጽ ላይ አለች ይላል። የለችም። በዚሁ እጅ የተጻፉ አሥራ ሁለት ካርዶች አየሁ፤ አንዱም ጋዜጣ ላይ የለም።»

ረዳቱ ካርዱን አንሥቶ የራሱን ጽሕፈት አየ።

«ሲደክመኝ አንዱን ከራሴ ፈጠርኩ። ማንም አላወቀም፤ ከዚያ ቀለለኝ» አለ። «ዛሬ እሳቸው ጠርተው ገጹን አሳዩኝ። አልተቆጡም እኮ። ‹ለአለቃው አንተው ንገረው፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ› ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። እጃቸውን ከላዬ ላይ ላነሣ ብዬ ነው የገፋኋቸው።»

ወሰዱት። አለቃው ጠባቂዋን «እንኳን ከዚህ ነገር ወጣሽ» አላት። እሷ ግን ሸክሙ አልወረደላትም። እሳቸው ወለል ላይ ተዘርግተው ሳሉ እሷ የፈራችው ለራሷ ነበር፤ ይህን ማንም መርማሪ ሊያነሣላት አይችልም።

ጥራዙ ላይ የተመለሰበትን ቀን ጻፈች። ቀጥላም ንጹሕ ወረቀት አወጣችና «የመሰላሉ እግር ተሰንጥቋል» ብላ ጽፋ፣ አንድ ወር ዘግይታም ቢሆን፣ ለአለቃው በእጁ ሰጠችው።