እስከ ታች የተሰመረችው መስመር

ጣቷ አልገባ አለ።

ሲሚንቶ ከረጢቱን ጫን ሲያደርጉት እንደ ዱቄት እሺ ይላል፤ ይሄኛው ግን እንደ ግድግዳ ተገተረ። ቀጥሎ ያለውን ነካችው፤ ያው ነው። ሦስተኛውን በጉልበቷ ገፋ አደረገችውና ጉልበቷን አመማት።

«ስንት ደረስሽ?» አለቻት የአክስቷ ልጅ ከክምሩ አናት ላይ ሆና።

«ቆይ።»

«ምን ቆይ አለ? ከሰዓት እኮ ይመጣሉ።»

እውነቷን ነው፣ ከሰዓት ይመጣሉ። የግንባታ ዕቃ መደብሩ የአያታቸው ነበር፤ እሳቸው ሲያርፉ ሦስቱ ልጆቻቸው በአክሲዮን ተካፈሉት። አጎቷ ሥራ አስኪያጅ ነው፣ እናቷና አክስቷ ባለድርሻ። በየዓመቱ ሂሳብ በሚዘጋበት ቀን ጠዋት መጋዘኑ ይቆጠርና ከሰዓት ሦስቱ ወንድምና እህቶች ትርፉን አይተው የየድርሻቸውን ይወስናሉ። ዘንድሮ ቆጠራው ለሁለቱ ልጆች ተሰጠ። እሷ ትምህርት ቤት የሂሳብ መዝገብ አያያዝ መማር ስለጀመረች ቤተሰቡ «ኦዲተሯ» እያለ ያሾፍባታል። የአክስቷ ልጅ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ስሟ «ነፋስ» ሆኖ ቀርቷል።

የቆጠራው ወረቀት አራት ዓምድ አለው፤ የዕቃው ስም፣ ብዛቱ፣ የተገዛበት ዋጋ፣ መጨረሻ ላይ ሁኔታ። በዚህ በመጨረሻው ዓምድ አናቱ ላይ አንዴ «ደህና» ይጻፍና ከዚያ እስከ ታች መስመር ይወርዳል። አያታቸውም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት፣ አጎቷም እንዲሁ። ኦዲተሯም ዛሬ ጠዋት አንዲት ሚስማር ሳትቆጥር ማስመሪያዋን አስደግፋ መስመሯን በእስክሪብቶ አውርዳዋለች። ቀጥ ያለች፣ ቆንጆ መስመር ነበረች።

«ነፋስ፣ እስቲ ውረጂ። ይሄ ድንጋይ ሆኗል።»

ነፋስ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሃል መንገድ ላይ ቀረ። ሁልጊዜ ዘላ የምትወርደው ልጅ መርገጫ እየፈለገች ወረደች።

ነገሩ ጠብ ጠብ እያለ ወጣ። ባለፈው ወር ያ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ሲመጣ የመጋዘኑ ቁልፍ በነፋስ እጅ ነበር። ጥግ ላይ ያለው ቆርቆሮ እንደሚያፈስ ታውቃለች፤ ክምሩን ሸራ ማልበስም የእሷ ሥራ ነበር። ግን የመረብ ኳስ ግጥሚያ ነበረባቸው። ስመለስ አለብሰዋለሁ አለች። ጨዋታው ረዘመ፤ አሸንፈው ሲጨፍሩ ደግሞ ማን ወደ መጋዘን ያስባል። በማግስቱ ሮጣ መጥታ ሸራውን አለበሰች፣ በረጠበው ላይ።

«አንቺ ቆጣሪ ነሽ እንጂ ሐኪም አይደለሽም» አለቻት። «ሁለት መቶ አርባ ከረጢት ተባለ፣ ሁለት መቶ አርባ አለ። ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

ይሄ ነበር ኦዲተሯን ያቁነጠነጣት። አንድም የጎደለ ከረጢት የለም።

እስክሪብቶዋን ቀጭ ቀጭ እያደረገች በሚስማሩና በቀለሙ መሃል ተመላለሰች። አስተማሪያቸው ሰሌዳ ላይ የጻፈው ትዝ አላት። ዓመቱ ሲጀምር በነበረው ዕቃ ላይ የተገዛውን ደምሩ፣ ዛሬ የቀረውን ቀንሱ፤ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ ይሄ ነው። እሱ ከሽያጩ ሲነሳ ትርፉ ይታያል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ቀልደኛ «እንግዲያው የቀረውን አብዝቶ መጻፍ ነዋ» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። አስተማሪው ግን አልሳቀም። «ትርፍህ ወረቀት ላይ ያድጋል» አለው። «ከዚያ የሌለውን ትርፍ ትካፈላላችሁ። ከካዝናው የሚወጣው ገንዘብ ግን እውነተኛ ነው።» ድንጋይ የሆነ ሲሚንቶም «ደህና» ተብሎ በተገዛበት ዋጋ ከተቆጠረ ያው ነው።

ሌላም ነገር ነበር። እናቷ ፀጉር ሠሪ ናት። ያገለገለ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ አግኝታ ቀብድ ከፍላለች፤ ቀሪውን የምትከፍለው ዛሬ ከሚደርሳት ድርሻ ነው። ጠዋት ስትሸኛት አገጯን ይዛ «ኦዲተሯ፣ እጅሽን ፈታ አድርገሽ ቁጠሪልኝ እንግዲህ» ብላ ስቃለች።

«ዛሬ ዝም እንበልና ሰኞ እንናገር» አለች ነፋስ ተከትላት እየዞረች። «ያኔ የአዲሱ ዓመት ኪሳራ ይሆናል። በናትሽ። ቁልፉን ለእኔ እንዲሰጠኝ እማዬ ናት አጎቴን የለመነችው። ልጄ አድጋለች ብላ። አሁን እዚያው ፊቷ ላይ...» አልጨረሰችውም።

ኦዲተሯ በሩ ድረስ ሄዳ መንገዱን አየች፤ ማንም አልመጣም። ተመለሰች። ዝናቡ የዘነበው ዘንድሮ ነው። ሰኞ ዕለት ገንዘቡ ሦስት ቦርሳ ውስጥ ገብቷል። መደብሩስ በምን ሌላ ሲሚንቶ ይገዛል? ተቀመጠች፣ ተነሣች። ወረቀቱን ደግማ አየችው። መስመሯ እንዳማረባት ከላይ እስከ ታች ወርዳለች።

ከማኅደሩ ውስጥ ንጹሕ ወረቀት ሳበች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«እንደ አዲስ ልጽፍ።»

«ጠዋቱን ሙሉ የለፋንበትን?»

«እኔም አጥፍቻለሁ» አለች ኦዲተሯ። «ሳልቆጥር ነው ያሰመርኩት።»

ሚስማር፣ ደህና ብላ ጻፈች። ሽቦ፣ ደህና። ቀለሙ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ አየች፤ ከታችኛው መደርደሪያ ሁለቱ ጣሳዎች ዝገው ተበስተዋል፤ ውስጣቸው ደርቋል። ከአያታቸው ዘመን ጀምሮ ደህና ሲባሉ የኖሩ ሳይሆኑ አይቀሩም። የዛጉትንም ጻፈች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ሲሚንቶው ሄደችና አንድ በአንድ እየተጫነች ትቆጥር ጀመር።

አሥራ አንደኛው ላይ ስትደርስ ነፋስ ከኋላዋ ተናገረች።

«አትድከሚ። ሠላሳ ስምንት ናቸው።»

«በምን አወቅሽ?»

«በየቀኑ ስቆጥራቸው ነው የከረምኩት።»

ኦዲተሯ ዞር ብላ አየቻት። እስክሪብቶውን ዘረጋችላት። ነፋስ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቁጥሩንና አጠገቡ «ዝናብ የመታው» ብላ ጻፈች፤ ትንሽ ቆይታ «ሸራ ሳይለብስ» የሚል ጨመረች። ከታች የቆጣሪዎች ፊርማ የሚል ሁለት ቦታ አለ። በአንደኛው ፈረመች።

«ማን ይሰጣቸዋል?» አለች።

«አብረን።»

ውጭ መኪና ቆመ። የአጎታቸው ሳል ተሰማ፣ ቀጥሎ የሁለቱ እህትማማቾች ጨዋታ። ነፋስ እንደ ልማዷ ትሮጣለች ስትባል ከደረቁት ከረጢቶች በአንዱ ላይ ተቀመጠች። በመዳፏ ጎኑን መታ መታ አደረገችው።

«ለመቀመጫ ግን ደህና ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ኦዲተሯ ጠጋ በይ አለቻትና አጠገቧ ተቀመጠች።