ሰው መሳዩ ፈታሽ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ያላመነ ይተወው። ዮርዳኖስን አውቃታለሁ፤ ለቀልድ እንኳ ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል። ይህን ስትነግረኝ ግን ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ። የሁዳዴ ጾም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ...

በሩቅ ያሉ የስማዳ ልጆች የሟቾቻቸውን የክርስትና ስም የሚልኩበት ዌብሳይት ዮርዳኖስ ሠርታለች። ስሙ ቄስ ንጋቱ ስልክ ላይ ይደርሳል፤ እሳቸውም ከቅዳሴ በፊት ፍትሐት ያደርሱለታል።

ያን ቀን ሁለት አገልግሎቶችን እያወዳደረች ነበር። አንደኛው ኮንቴይነር አስተዳዳሪ ነው፤ ዌብሳይቱ ታሽጎ የሚሠራበትን፣ ኮንቴይነር የሚሉትን የሶፍትዌር ሣጥን ይጠብቃል፣ ቢሞት ወዲያው ሌላ ያስነሳል። ሁለተኛው ብሮውዘር ፈታሽ ነው፤ ሰው መስሎ ገጹን ይከፍታል፣ ይጽፋል፣ «ላክ» የሚለውን ይጫናል፣ የሠራውንም ፎቶ አንስቶ ያሳያል።

«የቱ ይሻላል?» አለችው ደምሌን። ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ከእሱ ሌላ በዚህ ዓለም ማንም የላትም።

«የሞተ የሚያስነሳው ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

«ለሙከራ ስም ጠፋኝ። ያንተን ልስጠው?»

«ስጪው! በስም ደግሞ ማን ሞተ!»

«ወልደ ሰንበት» ብላ የክርስትና ስሙን ለፈታሹ ሰጠችው። ሙከራ ነው፣ ለቄሱ አይደርስም ብላ። አይ የሰው ነገር! የቁም ሰው ስም ከሙታን ጋር!

ፎቶው መጣ።

የሞተበትን ቀን ባዶ ነበር የተወችው። ተሞልቷል... የዛሬ ቀን።

ተሳስቼ ይሆናል ብላ ቀኑን አጠፋችው።

ሌላ ፎቶ መጣ። ያው ቀን። ከሥሩ ደግሞ፣ «ላኪ፦ እህቱ»።

«ዮርዲ... በረደኝ» አለ ደምሌ ከኋላዋ። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

በዚህ ፀሐይ?

ፈታሹን አቆመችው። ፎቶው ግን መምጣቱን አልተወም።

ኮንቴይነሩን ገደለችው። አስተዳዳሪው ሌላ አስነሳ። ገደለችው። አስነሳ... ሥራው ነዋ!

ስልኳ ጮኸ። ቄስ ንጋቱ ናቸው።

«ልጄ፣ የደምሌ ስም ከሙታን ጋር መጣብኝ። ራሱን ብጠይቀው ‹ያንብቡት› ይላል። ምን ነክቶት ነው?»

«ራሱን?...»

«እዚህ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሟል እኮ።»

ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«አባ... ደምሌ እዚህ ነው። አጠገቤ።»

እሳቸውም በሹክሹክታ፣

«እንግዲያው... ይሄ ማነው?»

«በማርያም አያንብቡት! ወንድሜን እንዳይገድሉብኝ!»

«አላነብም ልጄ። አላነብም።»

ዞራ ጋቢውን ልትገልጥ ፈለገች። ፈራች። ፊቱን ማየት ፈራች።

ከጋቢው ውስጥ እጅ ወጣ። ቀስ ብሎ... «ላክ» የሚለውን ተጫነ።

በስልኩ ውስጥ፣ ከደጀ ሰላሙ፣ የደምሌ ድምፅ ተሰማ።

«ደረሰ አባ። አሁን ያንብቡት።»