የጾም ነው የተባለው መረቅ

«ይሄ የተሰቀለው ምንድን ነው?»

እማማ የትነበርሽ ከቻይናው ምግብ ቤት መስኮት ፊት ቆመው አልነቃነቅ አሉ። ከመስታወቱ ጀርባ የተጠበሱ ዳክዬዎች በአንገታቸው ተንጠልጥለዋል።

«ዳክዬ ነው፣ እማማ። ነይ ግቢ፣ ይበርዳል።»

«ነይ ግቢ? ነይ ግቢ የሚባለው ድመት ነው! ይግቡ በይ። ለነገሩ እኔ ሬሳ ከተሰቀለበት ቤት ገብቼ አልበላም።»

ሐምራዊት ሳቋን ዋጠች። አያቷ ከአዲስ አበባ ወደ ሆላንድ ከመጡ ገና ሳምንት አልሞላቸውም፤ ያልጠረጠሩት ነገር ግን የለም። የትራሙ በር በራሱ ሲዘጋ ጠረጠሩ። ጎረቤቷ ፈገግ ብላ ሰላም ስትላቸው «ምን ፈልጋ ነው?» አሉ። ዛሬ የሐምራዊት እናት ኤልፍነሽ ዞተርሜር ከተማ አረጋውያን ስትንከባከብ ስለምትውል፣ ሮተርዳም ወስዳ ወደቡን እንድታሳያቸው ሐምራዊት ታዘዘች። እማማ መርከቦቹንም አይተው «ይህን ያህል ብረት ውኃ ላይ? ያልነገሩን ነገር አለ» ብለው ነው የተመለሱት።

ቀኑ ዓርብ፣ ጾሙ ሁዳዴ ነው። የጾሙ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፣ ሁለቱም ርቧቸዋል። ከቤት ቋጥረው የያዙት ዳቦ ባቡር ላይ ቀርቷል፤ የረሳችው ደግሞ ሐምራዊት ናት። ከመንገዱ ማዶ ሙዝና ዳቦ የሚሸጥ ሱቅ ነበር። የሐምራዊት ልብ ግን የቻይናው ቤት ኑድል ላይ ነው፤ በመረቅ የሚቀርብ ቀጭን ፓስታ። ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር እዚህ በልታ ታውቃለች፤ መረቁ ጣት ያስቆረጥማል። ጣፋጭ ያደረገውንም ታውቃለች። አንድ ቀን የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ፣ እስከ አፉ አጥንት የሞላ ድስት ሲፈላ አይታለች።

«የጾም አላቸው» አለች። «አትክልት ብቻ ያለበት።»

ውሸት አይደለም፣ ብላ ራሷን አጽናናች። ከላይ ያለው አትክልት ነው።

እማማ ገቡ። ወንበሩን ነካክተው፣ ማንኪያውን በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው፣ ሁለቱን ረጃጅም እንጨቶች ግራ ቀኝ አገላብጠው አዩ።

«ይሄስ? ሹራብ ልንሠራ ነው?»

«መብያ ነው፣ እማማ። ሰው ያየናል እኮ።»

«ይየና! እኔም እያየሁት ነው። ያ ሰውዬ ወደ ጓዳ ሲገባ ዘወር ብሎ አይቶኛል። ጠርጥር፣ ከገንፎ መሀል ይገኛል ስንጥር። ከተማ ውስጥ አንድ ውሻ ሲልከሰከስ አይተሻል? የት ሄዱ?»

«ሁሉም ባለቤት አላቸው!»

«እነሱማ እንዲህ ይሉሻል።»

አስተናጋጁ ሁለት ትልልቅ፣ እንፋሎታቸው የሚጨስ ጎድጓዳ ሳህኖች አመጣ። ነጫጭ ኑድል፣ ቅጠላ ቅጠል፣ እንጉዳይ። ሐምራዊት ወዲያው እንጨቶቹን አነሣች። እማማ ግን አጎንብሰው መረቁን ብቻ ያያሉ።

«ይሄ ውኃ ምን ያብለጨልጨዋል?»

«ዘይት ነው።»

«የምን ዘይት?»

«የአትክልት።» ከዚያ፣ ቀለል አድርጋ፣ የሳህኑን ጠርዝ እያየች ጨመረች፦ «ለነገሩ፣ ሳታውቂ ትንሽ ቅባት ቢነካው ምን አለበት? እግዜር በዚህ አይቆጣም።»

እማማ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ዓይናቸው ጠበበ።

«ማን ስለ ቁጣ አወራ? እናትሽ በሱዳን በኩል ወጥታ ወሬዋ የጠፋ ጊዜ፣ ለኪዳነ ምሕረት ተሳልኩ። ልጄን በሕይወት ብታሳዪኝ፣ እስክሞት ድረስ አንድ ሁዳዴ አልሽርም አልኳት። አሳየችኝ። እኔም አልሻርኩም። ታምሜ ተኝቼ ሐኪሙ ወተት ጠጪ ሲለኝ፣ አንተ ጠጣው አልኩት። ቃል ነው። ከእሷ ጋር የተያያዝነው በቃል ነው።»

ሐምራዊት ይህን ሰምታ አታውቅም። እናቷ ስለ ሱዳን አታወራም። እሷም ጠይቃት አታውቅም።

«እና አሁን» አሉ እማማ፣ ማንኪያቸውን መረቁ ውስጥ ነክረው ቀድተው፣ «ሰውዬውን ጠይቀሽዋል?»

«አዎ።»

«እናቴ ትሙት በይ።»

ማንኪያው በአየር ላይ ቆሟል። ሐምራዊት አፏን ከፈተች። በሆላንድ ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ጓደኞቿ በሰበብ ባስባቡ ይምላሉ፣ ማንም አይሞትም። ይሄኛው ግን በእናቷ ሞት መማል ነው። ከማለዳ ጀምሮ ቆማ የምትሠራው የእናቷ ፊት መጣባት።

እጇን ዘርግታ የአያቷን እጅ ያዘች። መረቁ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«አትቅመሺው። አልጠየቅኩም። አጥንት የተቀቀለበት ነው። የአሳማ። አውቅ ነበር።»

እማማ ማንኪያውን አስቀመጡ። ቁጣ ይመጣል ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች፤ አልመጣም። አሮጊቷ ሳህኑን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት።

«እኔ የፈራሁት ውሻ ነበር» አሉ።

ሐምራዊት መሳቅ አማራት፤ ፊታቸው ላይ ግን ሳቅ አልነበረም።

«አገር ምድሩን ስጠረጥር ዋልኩ። አንቺን ግን እጅሽን ይዤ ነው የገባሁት።»

ሐምራዊት ተነሥታ ወደ ባንኮኒው ሄደች። ጆሮዋ ድረስ ፊቷ ይፈጃል። ነጭ ሩዝ አላችሁ ወይ፣ በውኃ ብቻ የተቀቀለ፣ ብላ ጠየቀች። አለ፣ አላት አስተናጋጁ።

«ምን ይደረግበት?»

«ምንም።»

«ምንም?» ወደ ጠረጴዛዋ አየ። ያልተነካው ሳህኗ አሁንም ይጨሳል። «ለአሮጊቷ ነው? አንድ?»

ሐምራዊት ዞር ብላ ሳህኗን አየችው። መረቁ ላይ የተንሳፈፈው ቅባት ያብለጨልጫል፤ ሽታው እዚህ ድረስ ይደርሳል።

«ሁለት» አለች። «ደግሞ ሩዙ ከድስቱ ሲወጣ ማየት እችላለሁ?»

ሰውዬው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ የወጥ ቤቱን በር ከፈተላት።