የአባታቸው የመፍቻ ሳጥን

ወይ ሞት! ሰውዬው የመምህርነት ጡረታውን በወጉ ሳያጣጥም፣ በገዛ ግቢው ከገዛ መኪናው ስር ሞቶ ተገኘ። ጎረቤቶች አሮጌዋን መኪና ተረባርበው አንስተው አውጥተውታል፤ አሁን አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። መኪናዋን አንስቶ የነበረው ክሪክ በጎኑ ወድቋል።

መርማሪዋ ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየች። ባልደረቦቿ «ቀስ በሉ» ይሏታል፤ ቃሉ ከአፏ ስለማይጠፋ ነው።

«ወንድሙ ነው የገደለው!» አለች የሟች ሚስት ደረቷን እየደቃች። «ሰባት ዓመት ሙሉ ዓይንህን ላፈር ተባብለው ኖረው!»

ታናሽ ወንድሙ በሩ ጥግ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። ጠዋት ከግቢው ሮጦ ሲወጣ፣ ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው መካኒክ አይቶታል። ቢጠይቁት ቢጠይቁት ትንፍሽ አላለም። ዝም ካለ ደግሞ ዛሬውኑ በነፍስ ግድያ ሊወሰድ ነው።

«ቀስ በሉ፣» አለች መርማሪዋ። «በምን ተጣሉ?»

«በአባታቸው ሳጥን፣» አለ መካኒኩ። «ሽማግሌው እንደኔ መካኒክ ነበሩ። ሲሞቱ ልጆቹ መፍቻውን ተካፈሉት። ታላቅየው የብሎን ራስ የሚይዙትን ቡሶላዎች ወሰደ፤ ታናሽየው ደግሞ ሦስቱን ማራዘሚያዎችና ተጣጣፊውን አንጓ። በእልህ እኮ ነው! አንዱ ያለ ሌላው ምን ይረባል?»

«መኪናውን ሟቹ ራሳቸው ነበሩ የሚጠግኑት?»

«ኧረ ተይኝ! ‹ለኔ ስጠኝ› ስለው ‹አንተ አንድ ፈትተህ ሁለት ታበላሻለህ› ይለኛል።» ሊስቅ ሲል ዕንባው ቀደመው።

መርማሪዋ ተንበርክካ ከመኪናው ስር ተመለከተች። ከሞተሩ ጀርባ፣ እጅ በማይገባበት ጥግ፣ አንድ ብሎን ላይ ቡሶላ ተሰክቷል። ከቡሶላው ተጣጣፊው አንጓ፣ ከአንጓው ሁለት ማራዘሚያዎች ተቀጣጥለው እስከ ጎማው ወጥተዋል። ጫፋቸው ላይ ያለው እጀታ ሜትር በሚያህል ቱቦ ረዝሟል፤ ጉልበት እንዲጨምር።

ከዚያ የዕቃ ቤቱን በር ከፈተች። የአባትየው ሳጥን ተከፍቶ፣ ሦስተኛው ማራዘሚያ በድሮ ቦታው ተጋድሟል፣ ንጹሕ ሆኖ። አጠገቡ ጋዝ ያለበት ሳፋ አለ፤ ታቹ ላይ ዝገት ዘቅጧል።

«ባለቤትዎ ትናንት ማታ እንዴት ነበሩ?»

«እጁን ሦስቴ በሳሙና ታጠበ። ጋዝ ጋዝ ይሸት ነበር። ደሞ…» ሚስትየው ወደ አንሶላው ዞር አለች። «ደሞ ያፏጭ ነበር። ‹ምን ተገኘ?› ስለው ‹ነገ ታያለሽ› አለኝ። ፉጨቱን ከሰማሁ ስንት ዓመቴ!»

መርማሪዋ ሁሉንም ግቢው መሀል ሰበሰበቻቸው።

«ቱቦው የሚሳበው ከውጭ ነው። ሟቹ ግን ከታች ተኝተው አንጓው እንዳይታጠፍ ይዘውት ነበር፤ የአንጓው ክብ ቅርጽ መዳፋቸው ላይ ታትሟል። አንዱ ይዟል፣ አንዱ ስቧል።»

«ተኝቶ ሳለ መጥቶበት ቢሆንስ?» አለች ሚስትየው።

«ታዲያ የጠላታቸውን ማራዘሚያ ማን ገጠመላቸው? የሰባት ዓመት ዝገት በአንድ ጠዋት አይለቅም፤ ጋዝ ውስጥ ማደር አለበት። ያጸዱት ባለቤትዎ ናቸው። ዕቃው ትናንት ወደ ሳጥኑ ተመልሷል። ወንድማማቾቹ ታርቀዋል።»

ሚስትየው አፏን ያዘች።

«ክሪኩስ ለምን ወደቀ?» አለ መካኒኩ። «ያን ያህል ሲሳብ መኪና ይወዛወዛል። እሱ ደግሞ ግንድ ሳይደግፍ ከስር የሚገባ ሰው አልነበረም።»

«ግንዱን እዩት።»

ሁሉም ዞሩ። ግንዱ ግድግዳው ስር ነው፤ በላዩ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ተቀምጧል። አንዱ ባዶ፣ ሌላው ገና ግማሽ።

ያን ጊዜ ታናሽየው ተናገረ።

«ትናንት መንገድ ላይ አገኘኝና ‹ማራዘሚያዎቹን ይዘህ ና› አለኝ። ወዲያው አመጣሁለት። ዛሬ እትዬ ገበያ ስትወጣ ጠራኝ። ‹መኪናዋ ስትነሳ ሦስታችን ዞር ዞር እንላለን፤ እስከዚያ እንዳትነግራት› አለኝ። ግንዱን ላስገባ ስነሳ ‹ተው፣ ሻይህ ይደፋል፤ አንዴ ሳብልኝ ብቻ› አለ። ሳብኩ።» ፊቱን በታሰሩት እጆቹ ሸፈነ። «ጋሼን እኔ ነኝ የገደልኩት!»

«ለምን ሮጥክ?»

«መታረቃችንን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ማን ያምነኛል?»

«ካቴናውን ፍቱለት፣» አለች መርማሪዋ። «ቃሉን ነገ ይሰጣል።»

«ስለ ግንዱ አሁን ማውራት ምን ዋጋ አለው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣» አለ መካኒኩ ለራሱ።

ሚስትየው ግንዱ ጋ ሄዳ ብርጭቆዎቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ስኳር ስንት አደረገልህ?»

«ሦስት። አልረሳውም ነበር፣ እትዬ።»

አቀርቅራ አለቀሰች። ከዚያ በነጠላዋ ፊቷን ጠረገችና ወደ አንሶላው ሄደች።

«ና ተነስ፣» አለችው። «በራስጌው በኩል ያዝ። ወንድምህን ወደ ቤት እናስገባው።»