ካርታሄና ብርድ ናት

የመጣው ሰው የምትጠብቀው አልነበረም።

ጦሳ፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጥሩን ተደግፋ የቆመችው ቦርከናን ስትጠብቅ ነበር። ቦርከና አለቃዋ ነው። ጠና ያለ፣ ግራ እግሩን ጎተት የሚያደርግ ሰው። የመጣው ግን ወጣት ነው። ነጭ ኮፍያ ደፍቷል፤ እጁ ላይ የጸሎት መቁጠሪያ፣ ሙስበሃ፣ ጠቅልሏል። ቀጥ ብሎ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ላፓዝ ላይ ከተማውን በርካሽ ማየት ይቻላል ይላሉ» አለ፣ ወደ አውቶቡሶቹ እያየ።

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው።

«በኬብል መኪና ነው» አለች። «ከላይ ሆነው ሁሉም ይታያል።»

«ጀላል እባላለሁ። ቦርከና ታሟል። ከዛሬ ጀምሮ የምትነግሪው ለእኔ ነው።»

ጦሳ የሥራ ስሟ ነው። እናቷ ያወጡላት ስም ሰርካዲስ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ጥቁር ሂጃብ ለብሳ ኡሙሰልማ ትባላለች። ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ ያለ አንድ የጉዞ ቢሮ ውስጥ ታስተምራለች። በሩ ላይ «ደቡብ አሜሪካን በርካሽ» የሚል ተለጥፏል። የቢሮው ባለቤት ስለሺ ወጣቶችን ቱሪስት አስመስሎ ይልካል። ቱሪስት ለመምሰል እንደ ቱሪስት ማውራት ያስፈልጋል። ሊማ ላይ የቀን ምሳ የት እንደሚረክስ፣ ቦጎታ እሑድ ጠዋት መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ለብስክሌት እንደሚለቀቅ፣ ኪቶ ላይ የትኛውን አውቶቡስ እንደሚይዙ። እሷ የምታስተምረው ይህን ነው። ከእነዚህ ከተሞች አንዱንም አላየችም። ባሕር ራሱ አይታ አታውቅም።

የሄዱት ሲደርሱ ፓስፖርታቸው ይወሰዳል። ከዚያ ስልክ ይደወላል። ገንዘብ ላኪ ተብሎ የሚደወለው ለእናት ነው። ሁልጊዜ ለእናት። አንዷ እናት መሬቷን ሸጣ ላከች፤ በሬዎቿንም ሸጣ ላከች። ልጇ ግን አልተለቀቀም።

ቅዳሜ ደግሞ ሌሎች ስድስት ሊወጡ ነው። የሚረከባቸውን ሰው «አጎት» ይሉታል። ፊቱን ያየ የለም። የላካት የፖሊስ መሥሪያ ቤት የሚፈልገው እሱን ነው። ልጆቹ ሳይወጡ፣ አጎትም ሳያመልጥ፣ አንድ ግቢ ውስጥ መያዝ አለባቸው። ግቢው ሐርቡ ነው። ስለሺ ትናንት ነግሯታል። እሷም ይህን ለቦርከና ልትነግር ነበር የወረደችው።

የይለፍ ቃሉን ከእሷ ሌላ የሚያውቀው ቦርከና ብቻ ነው።

ሰርካዲስ ክፉውን ቀድማ የምታስብ ሴት ናት። ከቤት ስትወጣ እሳቱን አጥፍታ፣ ተመልሳ ታያለች፤ ደግማ ትመለሳለች። ሰው ሲዘገይ ሞቷል ብላ ነው የምትጀምረው።

«መንገድ ላይ ነው የቆየኸው» አለችው። «ምሳ ሳትበላ አይሆንም።»

የወሰደችው መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕል አለ። ሥዕሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተንጠልጥሏል።

«ለእኔ ጥብስ» አለ ጀላል ለአስተናጋጇ። «አንቺስ?»

«እኔ ጾመኛ ነኝ። ሐሙስ አይደል?»

«አላህ ይቀበልሽ።»

ጥብሱ መጣ። ጀላል እጁን ታጠበ። «ቢስሚላህ» አለ፤ አነጋገሩ ያምራል። ጎረሰ።

ማን እንዳረደው አልጠየቀም።

የወሎ ሙስሊም ልጅ የአክስቱ ቤት ቢሆን እንኳ ያረደውን ሳያውቅ ሥጋ አይነካም። ክርስቲያኑም እንዲሁ ነው። አንድ ግቢ ተወልደው፣ አንድ ሠርግ ጨፍረው፣ አንድ ሬሳ ተሸክመው፣ ትሪያቸው ሁለት ነው። ይህን የሳተ ሰው ያስመስላል እንጂ የዚህ አገር ሙስሊም አይደለም።

እሷም እያስመሰለች ነው። ግን አትስትም። ዘጠኝ ወር ሙሉ እንደ አጥባቂ ሙስሊም ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች። በሌላው ቀን ጨጓራዬ ነው፣ ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል ትላለች። ከቤት ስትወጣ እናቷ ወይዘሮ ወለተ ማርያም አንድ ነገር ብቻ ነበር ያሏት። «የፈለግሽበት ሂጂ። በሥጋ ግን አትጥፊብኝ።»

ጀላል አጥንቱን አስቀመጠ።

«ቦታው የት ነው?»

«ገና አልተነገረኝም።»

«ለሌላ ሰው ያልሽው ነገር አለ?»

«ለማን ልበል? ያለኝ ቦርከና ነው።»

ጣቱን በሶፍት ጠረገ። ፊቱ ፈታ አለ። ስለ ቦታው ደግሞ አልጠየቀም። ቦታውን ያውቀዋል ማለት ነው። ሊሰማ የመጣው ሁለተኛውን መልስ ነው።

እሷ ሻይ አዘዘችለት። ምንም አልተሰማትም፤ ይህም አስደነቃት።

በሚኒባስ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አሳረፈች። ቦርከና ሞቷል። ገርፈው፣ ቃሉን አውጥተው፣ ጥለውታል። ከዚህ የባሰ ልታስብ ሞከረች። አልመጣላትም።

የቀራት አንድ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ሥራውን ስትቀበል፣ ጡረታ ሊወጡ የደረሱት የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ወርቅነሽ በር ዘግተው ከእሷ ጋር አንድ ነገር ተስማምተዋል። «የቢሮውን ቴሌግራም በየቀኑ አነባለሁ። አንድ ቀን ስለ አንድ ከተማ ውሸት ከጻፍሽ፣ እጅሽ ተይዟል እላለሁ፤ ያቺ ከተማም ቦታውን ትነግረኛለች። ኪቶ ደሴ ይሁን፤ ሁለቱም ደጋ ናቸው። ሊማ ኮምቦልቻ። ካርታሄና ሐርቡ፤ ሁለቱም ቆላ።» ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ለቦርከናም ቢሆን እንዳትነግሪ፣ ልጄ።» ያኔ ቅር ብሏት ነበር። ቦርከና ሥራውን ያስተማራት ሰው ነው።

ዓርብ ጠዋት ስድስቱም ተጓዦች ወደ ቢሮው መጥተዋል። ስለሺ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

«ባልፓራይሶ ተራራ ላይ ነው የተሠራችው» አለች። «ዳገቱን በእግር ከወጣችሁ ነፃ ነው። ከደከማችሁ አሮጌ አሳንሰር አለ፤ ዋጋው ትንሽ ነው።»

«እኛማ ለዳገት ገንዘብ አናወጣም» አለ ኪዳኑ። የቦሩ ሜዳ ገበሬ ልጅ ነው። «ዳገት ከፈለጉ ደሴ በነፃ ትሰጣለች።»

«አንተን ደግሞ አሳንሰሩ ራሱ አይችልህም» አለች ፊርደውስ። ሁሉም ሳቁ።

ሰርካዲስ ቴሌግራሙን ከፈተች። የዕለቱን ምክር ጻፈች።

«ካርታሄና ብርድ ናት። ቅዳሜ ምሳ እዚያ የምትበሉ ጋቢ ያዙ።»

ላከችው። የስድስቱ ስልክ አንድ ላይ ጮኸ።

ፊርደውስ አነበበች። ቅንድቧ ተሰበሰበ። የደጋን ከተማ ልጅ ናት፤ አንድ ጊዜ የሰማችውን አትረሳም።

«ኡስታዛ፣ ካርታሄና ሙቅ ናት ብለሽን አልነበር? እንደ ሐርቡ ናት አላልሽም?»

ስለሺ ቀና አለ።

ሰርካዲስ ስልኳን ኪሷ ከተተች።

«ብያለሁ» አለች። «ቀን ነው ያልኩሽ። የከተማዋ አሮጌ ግንብ ላይ በነፃ የሚሄዱት ሲመሽ ነው። ከባሕሩ ነፋስ ይነሳል። ልጅን ብርድ የሚመታው ሙቅ ነው ብሎ ሲወጣ ነው።»

«እንደ እናቴ ነው የምታወሪ፣ ወላሂ።»

«እናትሽ ልክ ናቸው።»

ስለሺ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰ። መልእክቱን ወይዘሮ ወርቅነሽ ያንብቡት አያንብቡት፣ ሰርካዲስ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

ቅዳሜ በሁለት መኪና ወደ ሐርቡ ወረዱ። ስለሺ ወደ እሷ ዞሮ ፈገግ አለ።

«አንቺም ከእነሱ ጋር ትሄጃለሽ። አየሽ፣ ያስተማርሽውን በዓይንሽ ታይዋለሽ።»

«ደስ ይለኛል» አለች።

አንድም ወታደር፣ አንድም ፖሊስ መንገድ ላይ አላየችም።

ግቢውን ያከራዩት ሸህ ሙንዚር የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ልጆቹ ለትምህርት የሚሄዱ መስሏቸዋል። ማንጎው ሥር ሁለት ትሪ ቀረበ። የአንዱን በግ ሾፌሩ ሙሄዲን አርዶታል፤ የሌላውን ስለሺ። በሩ ላይ ጀላል ቆሟል። ኮፍያው የለም። አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ሊደበቃት እንኳ አልፈለገም።

ሦስተኛ መኪና ገባ። ስለሺ ሮጦ በሩን ከፈተ።

«አጎት፣ እንኳን ደህና መጡ።»

ግራ እግር መጀመሪያ ወረደ። ጎተት አለ።

ቦርከና ነው።

እውነተኛ ስሙ ፈንታሁን ነው። ቤቱ ገብታ ምሳ በልታለች። ሚስቱ ስትወልድ ገንፎ ይዛ ሄዳለች። ሞት የባሰ መስሏት ነበር።

የባሰ አለ።

ፈንታሁን ከልጆቹ ጋር እየተጨባበጠ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። እሷን ማጋለጥ አይችልም። ቢናገር ልጆቹ ደንግጠው ይበተናሉ። ማንነቷን ግን ያውቃል። የእናቷንም ቃል ያውቃል፤ አንድ ቀን ራሷ ነግራዋለች።

«መምህራችሁ አትበላም እንዴ?» አለ።

«ጨጓራዋን ያማታል» አለ ኪዳኑ።

«በሽኝት ቀን? ሙሄዲን፣ አንተ አጉርሳት እስቲ። የአንተ እጅ የባረከውን።» ድምፁ ለስላሳ ነው። «ወይስ ሌላ ምክንያት አላት?»

ፊርደውስ አየቻት። ሁሉም አዩዋት። ትሪው ላይ ያሉት እጆች ቆሙ። እምቢ ካለች ምሳው እዚህ ያበቃል። ምሳው ካበቃ መኪኖቹ ይነሳሉ።

ሙሄዲን ከጥብሱ መርጦ በእንጀራ ጠቀለለ። ደግ ሰው ነው፤ ምንም አያውቅም።

«አብሽሪ፣ እህቴ። ጮማ የለውም፤ ጨጓራሽን አይነካም።»

አፏን ከፈተች።

አኘከች። ዋጠች። ሥጋው ጨው በዝቶበታል። ሌላ የተሰማት ነገር የለም።

ፈንታሁን ራሱን ነቀነቀ። «ጎበዝ» አለ። ከዚያ ሰዓቱን አይቶ ተነሳ። «በሉ ልጆች። መንገድ ነው።»

በሩ ጸጥ እንዳለ ነው። ማንም አልመጣም።

ስድስቱ ቦርሳቸውን አነሱ።

ሰርካዲስ ወደ ሸህ ሙንዚር ዞረች።

«አባባ፣ መንገደኞች ናቸው። ሳይመርቋቸው አይውጡ።»

አዛውንቱ ይህን ሲጠብቁ የነበሩ ይመስል እጃቸውን ዘረጉ። ግቢው ሁሉ ባለበት ተቀመጠ። ስለሺ ተቀመጠ። ሙሄዲን የመኪናውን ቁልፍ መሬት ላይ አስቀመጠ። ወሎ ውስጥ ምርቃት አቋርጦ የሚነሳ ሰው የለም፤ ከተነሳ የሚያገኘውን ያውቀዋል። ፈንታሁን አንድ እርምጃ ወደ መኪናው ሄደ።

ቆመ።

እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነው። ተመለሰ። መዳፉን ዘረጋ።

«የወጣ እግራችሁ በሰላም ይመለስ» አሉ ሸህ ሙንዚር።

«አሚን።»

«ክፉ ዓይን አይያችሁ። ክፉ እጅ አይንካችሁ።»

«አሚን» አለ ፈንታሁንም፣ ከሁሉም ጋር።

አዛውንቱ ትንፋሽ ሊወስዱ ቆም አሉ።

«ለእናቶቻቸውም፣ አባባ» አለች።

ለእናቶቻቸው መረቁ። ለአባቶቻቸው መረቁ። ቆም አሉ።

«ለዝናቡም።»

ለዝናቡ፣ ለማሽላው፣ ለከብቱ መረቁ። ስለሺ በዘረጋው መዳፉ ሥር ሰዓቱን ያያል። ፈንታሁን ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም። ገብቶታል። ገብቶትም መነሳት አልቻለም።

«ለባለ መኪኖቹም፣ አባባ። ለአጎትም።»

«አጎት የተባልከው፣ ዕድሜህን ያርዝመው። የሠራኸውን ያስገኝልህ።»

ፈንታሁን አፉን ከፈተ። «አሚን» ሳይል የዘረጋውን መዳፍ ጨበጠ።

ያን ጊዜ አጥሩ በአራቱም በኩል ተንኮሻኮሸ።

ከበሩ ጀላል ተገፍቶ በደረቱ ወደቀ። ፖሊሶቹ በአንድ ጊዜ ገቡ። ጥይት አልተተኮሰም። ስለሺ እጁን እንደዘረጋ ነው የተያዘው። ሸህ ሙንዚር ዓይናቸውን ጨፍነው የጀመሩትን ምርቃት ጨረሱ።

ፈንታሁንን በአጠገቧ ሲያሳልፉት ጎንበስ አለ።

«በላሽ እኮ» አለ። «አሁን ወዴት ትመለሻለሽ?»

ሰርካዲስ ወደ ልጆቹ ሄደች።

ፊርደውስ ቦርሳዋን አቅፋ ታለቅሳለች። «አባቴ ከወንድሙ ተበድሮ ነው የከፈለልኝ» አለች። «ኡስታዛ፣ ሁሉንም ታውቂ ነበር? አንቺም ውሸት ነሽ?»

«አዎ» አለች ሰርካዲስ።

ወይዘሮ ወርቅነሽ ስልክ ደወሉ። ስድስቱም በየቤታቸው ገብተዋል አሉ። ቀጥለው፣ የነበርሽበትን ለማንም አታውሪም፣ ምለሻል አሉ። ምላለች።

ሳምንት ቆይታ ደሴ ላይ ነጠላ አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። የውጭውን በር ተሳለመች። ከዚያ አላለፈችም። ለመግባት ለንስሐ አባት መናገር አለ። የት እንደበላች፣ ለምን እንደበላች፣ በምን ስም እንደነበረች። የማለችው ደግሞ ያንን ላለመናገር ነው። ቅዳሴው እስኪያልቅ አጥሩ ሥር ቆማ ሰማች። እናቷ ደውለው ነበር። አላነሳችም።

ከዚያ ወደ መናኸሪያ ወረደች። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖታል። አውቶቡስ ገብታ መስኮት ዳር ተቀመጠች።

አውቶቡሱ ሥር ሁለት ሴቶች የታሸገ ውኃና ብስኩት ይሸጣሉ። አንዷ ፊርደውስ ናት። ውኃውን ወደ መስኮቱ ዘረጋች። ነጠላ የለበሰችውን ሴት ፊት አየች፤ አለፈቻት። ያለ ሂጃቡ አላወቀቻትም።

«ብርዱ ግን» አለች ጓደኛዋ እጇን እያሻሸች።

«የኪቶ ብርድ ነው ይሄ» አለች ፊርደውስ። «ጋቢ ካልያዝሽ አትችይውም።»

አውቶቡሱ ተነሳ።