ጠርዝ ላይ የተጻፈው

ኤልሳቤት የጠፋችው የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ከሰባተኛ ሰፈር ተነስታ ራጉኤል ጋ ወዳለው የእናቷ የበርበሬ ሱቅ እየሄደች ነበር። የአስር ደቂቃ መንገድ ነው። አልደረሰችም።

ሦስት ዓመት አለፈ። እናትየው፣ እትዬ ቦሰና፣ ለቅሶ አልተቀመጡም። ሬሳዋን ሳላይ አላለቅስም አሉ። ሊያጽናና የመጣውን ሁሉ ከበር መለሱት። የማይመልሱት ቦጋለን ብቻ ነበር። አናጺ ነው። የሱቃቸውን መደርደሪያ የሠራላቸው፣ የልጅቷን ፎቶ በየምሰሶው የለጠፈላቸው እሱ ነው።

ዘንድሮ አንድ ልብወለድ ወጣ። በታሪኩ አንድ ሰው አንዲትን ልጅ ግድግዳ ውስጥ ደፍኖ ዘጠኝ ቀን ያቆያታል። በቀዳዳ ውሃ ያሳያታል፣ አይሰጣትም። በየገጹ ትለምነዋለች። ደራሲው ጣሰው የዚያው የሰባተኛ ልጅ ነው። ሰፈሩ በአንድ አፍ ይሄ የኤልሳቤት ነው፣ ያላየ ሰው እንዲህ አይጽፍም አለ። ኢንስፔክተር መቅደስ አሰረችው።

መጥፋቷን ሰምቼ ሌላውን ፈጠርኩት አለ።

"እንዲህ ያለ ነገር ከሰው ጭንቅላት ይወጣል?"

"ሲያነቡት ምን ተሰማዎት?"

"አላነበብኩትም።"

"ሳያነቡ ነው ያሰሩኝ?"

ቤቱን አስፈተሸች፣ ግድግዳውን አስንኳኳች። ምንም የለም።

አውቶቡስ ተራ ሄዳ መጽሐፍ ከሚያከራዩት ከጋሽ ፈለቀ ተከራየችው። መታወቂያ ካልተያዘ አይሰጡም። ፖሊስ ነኝ ብትል፣ ፖሊስ ነው መጽሐፍ የማይመልሰው አሏት።

ታክሲ ውስጥ አነበበች። ምሳ ሰዓት ላይ አነበበች፣ ምሳው ቀረ። ሦስተኛው ቀን ላይ ቢሮዋ ግድግዳ አጠገብ መቀመጥ አስጠላት፤ ወንበሯን ወደ መሀል ሳበች።

የኪራይ መጽሐፍ ንጹሕ አይደለም። ሰው ይጽፍበታል። "ገጽ ዘጠና ላይ ታለቅሻለሽ" የሚል አለ። "ደራሲው ሐኪም ይየው" የሚል አለ። በመሀል ግን አንድ ወፍራም፣ ጠፍጣፋ የእርሳስ ጽሑፍ አለ። ይሄኛው አይቀልድም። ያርማል።

"ዘጠኝ ቀን" የሚለው ተሰርዞ "አራት" ተብሏል። "ግድግዳ" ተሰርዞ "ወለል"። ልጅቷ በምትለምንበት ገጽ ሁሉ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ፣

"አልለመነችም።"

መቅደስ መጽሐፉን ከደነችው። መልሳ ከፈተችው። አስራ ሰባት ቦታ ነው የተጻፈው።

ጋሽ ፈለቀ ጽሑፉን ገና ሲያዩ ተናደዱ። እርሳሱ ጆሮው ላይ የሚውለው ያ አናጺ፣ ቦጋለ፣ እንደሆነ ነገሯት። ስንቴ ተው ብለውታል፤ ስህተት ካየ አያልፍም።

ሥራ ቦታው አገኘችው፣ ጣውላ እየላገ። ወለሉ በጣውላ የተነጠፈ ነው፣ አንድ መጋጠሚያ አይታይም።

"አንብበኸዋል?"

"አንብቤዋለሁ። የማይረባ ነው።"

"ምኑ?"

"እንደዛ አትለምንም።"

"ማን?"

መላጊያው ቆመ።

"ኤልሳቤት እንደዛ ዓይነት ልጅ አልነበረችም ለማለት ነው።"

"አራት ቀን መሆኑንስ ማን ነገረህ?"

መጽሐፉን ከፍታ ጣውላው ላይ አስቀመጠችለት። የራሱን ጽሑፍ ረጅም ሰዓት አየው። ከአነጋገሩ እንደተረዳችው፣ የተናደደው በመያዙ አይደለም፣ በደራሲው ነው።

"ውሸት ሲጽፍ ዝም ልበል? እያንዳንዱን ሰው ለማኝ ናት እያሰኘ!"

ሌላውን ቀስ ብሎ ነገራት። ሽማግሌ ልኮ ነበር። እናትየው ሳይሰሙ ልጅቷ ራሷ መልሳቸዋለች። መንገድ ላይ አግኝቶ ለእናትሽ አዲስ ሳጥን ሠርቻለሁ፣ ግቢና እዪው አላት። ላግባሽ ሲላት እሺ ብትለው ከወለሉ ሥር ያወጣት ነበር። በየቀኑ ምግብና ውሃ ይዞ፣ ጣውላውን ከፍቶ ይጠይቃታል። እሷ ፊቷን ታዞራለች።

"አራተኛው ቀን ላይ ስጠይቃት አልዞረችም" አለ።

ወለሉ ሲነሳ መቅደስ ውጭ ቆመች። ጣሰው በማግስቱ ተፈታ። ይቅርታ አለችው። ሌላ መጽሐፍ እንደማይጽፍ ነገራት።

እትዬ ቦሰና ጋ ብቻዋን ሄደች። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ ነገረቻቸው። አልጮሁም። መጀመሪያ የጠየቁት ቀኑን ነው። ሳያውቁ ሦስት ተዝካር አልፏቸዋል።

"ከጠፋች በአራተኛው ቀን ነው እትዬ።"

በጣታቸው ቆጠሩ። ሚካኤል አስራ ሁለት። አስራ ሦስት፣ አስራ አራት፣ አስራ አምስት፣ አስራ ስድስት።

"ኪዳነ ምሕረት" አሉ። "በኪዳነ ምሕረት እኔ ቤት ነበር። ስፈልጋት ውዬ ደከመኝ ብሎ መጣ። ምሳ አቀረብኩለት፣ መብላት አቃተው። አሳዘነኝ።"

ቀኝ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ። የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

"አጎረስኩት" አሉ።